አባቴ ጀምሮት የሄደው ኮት

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ወሩ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የእብነ በረድ ሐውልት ካልቆመለት ብሎ መድረሻ አሳጥቶኛል። የድንጋዩን ቀለም፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ የፎቶግራፉን መጠን ሁሉ ወስኖ ጨርሷል፤ ለእኔ የተረፈኝ ገንዘብ ማዋጣት ብቻ ነው። አባቴ እኮ በሰፋው ኮት ገበር ላይ እንኳ ስሙን ጽፎ አያውቅም!

ሱቁን ስናስረክብ ያልተጠናቀቁ አሥራ አንድ ልብሶች አገኘሁ። በየልብሱ ላይ የባለቤቱ ስምና ልክ ያለበት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እነዚህን ጨርሼ ለየባለቤቶቻቸው በማድረስ ልዘክረው አስቤ ነበር። ወንድሜ ግን «ጨርቅ መታሰቢያ አይሆንም፤ ሰው ይስቅብናል» አለኝ። አባታችን ታሞ በተኛበት ጊዜ ሁለቴ ብቻ ብቅ ያለ ሰው፣ ዛሬ ስለ አባቴ ክብር ሊያስተምረኝ! ስልኩን ማንሳት ትቻለሁ። ከልብሶቹ አንዱ በእርሱ ልክ የተቆረጠ ግራጫ ኮት ነው፤ ማን እንዳዘዘው አላውቅም። እርሱን እንኳ እተወዋለሁ።

ስፌት አባቴ አስተምሮኛል፤ የእርሱ እጅ ግን የለኝም። ባለፈው መቀሱን አነሣሁና እጄ ሲንቀጠቀጥ መልሼ አስቀመጥኩት። የነካውን የመጨረሻ ነገር ባበላሽስ? ልጨርሰው ወይስ እንዳለ ላኑረው?

የልብስ ሰፊው ልጅ

መልስ

እህቴ፣ ግራጫውን ኮት በሁለት መስመር አለፍሽው፤ እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ወንድምሽ አዝዞት ቢሆን ኖሮ የት ደረሰ ብሎ በጠየቀሽ ነበር። ስለዚህ አባትሽ ማንም ሳያዝዘው፣ ለልጁ ብሎ ቆርጦታል። ያስታመምሽው አንቺ ሆነሽ ሳለ ኮቱ የእርሱ መሆኑ የቆጠቆጠሽ ይመስለኛል። ቢቆጠቁጥሽ አልፈርድብሽም። «እተወዋለሁ» ማለትሽን ግን አልቀበልም። አባትሽ ለሌላ ሰው የጀመረውን ስጦታ የማስቀረት መብት የለሽም።

ስለ ፍርሃትሽ፦ መቀሱን ተይው። በዚህ ሥራ የማይመለሰው ቆረጣው ነው፤ እርሱን አባትሽ ጨርሶልሻል። ለአንቺ የቀረሽ ስፌቱ ነው፤ የተሰፋ ደግሞ ይፈታል። ልብሶቹ ላይ የምታዪው ረጃጅም ነጭ ክር ልክ ለማየት ብቻ የተጣለ ነው፤ ቋሚው ስፌት ሲገባ እንዲወጣ አስቦ የሰፋው አባትሽ ራሱ ነው። ካውያ ከማሳረፍሽ በፊት የጠመኔውን ምልክት በብሩሽ አራግፊ፤ ጠመኔው ሰም ካለበት በሙቀት ቀልጦ ጨርቁ ላይ ይቀራል። በጎኑና በጀርባው ስፌት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ታገኛለሽ፣ እንዳትቆርጪው። እንዳለ ላኑረው ብትዪ ሱፍ ከሆነ ብል ይበላዋል፤ የአባትሽን ሥራ ለብል አትስጪ። የምታወጪውን ነጭ ክር ግን ጠቅልለሽ አስቀምጪ። እጁ ያለው እዚያ ላይ ነው።

«ጨርቅ መታሰቢያ አይሆንም» ላለው ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ዋሽንግተን ውስጥ በኤድስ የሞቱ ሰዎች ወዳጆች ሰፍተው ያመጧቸው 1,920 የጨርቅ ቁራጮች ሜዳ ላይ ተነጠፉ። የአንዱ መጠን 90 በ180 ሴንቲሜትር ያህል ነበር፣ የአንድ ሰው መቃብር የሚያህል። ብዙዎቹ ላይ የሟቹ የራሱ ልብስ ተሰፍቶበታል። ማንም አልሳቀም።

አሥሩን ብቻሽን ጨርሺ። አሥራ አንደኛውን ግን ባለቤቱ ሳይለካው መጨረስ እንደማይቻል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ዛሬውኑ ደውዪለት። ስለ ድንጋዩ አንድም ቃል አታንሺ፤ «አባባ የጀመረልህ ኮት አለ፣ ና ልለካህ» በዪው። መስታወት ፊት አቁመሽ ትከሻው ላይ ጣዪለት፤ እስኪናገር ድረስም ዝም በዪ። ደረቱ ላይ ከጠበበው ትርፉ ጨርቅ እዚያው ስፌቱ ውስጥ አለ፤ አባትሽ አስቦ ትቶለታል።