መልስ፦ የትራፊክ ቅጣት በገቢ ልክ ይሁን ወይ?

«ባለሀብቱና የቀን ሠራተኛው ለምን እኩል ይቀጣሉ? ፖሊስስ ገቢን በምን ያውቃል?» ላሉት፣ ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የምትሠራበትን ማየት ይጠቅማል።

እዚያ ጥፋቱ በቀን ቁጥር ይለካል፤ የአንዱ ቀን ዋጋ ደግሞ በገቢ። ለዓመታት የተሠራበት ስሌት ከግብር በኋላ ከሚቀረው የወር ገቢ 255 ዩሮ ይቀንስና የቀረውን ለ60 ያካፍላል። 2,055 ዩሮ የሚያገኝ ሰው የአንድ ቀኑ 30 ዩሮ ይመጣል፤ 12 ቀን ቢቆረጥበት 360። 6,255 የሚያገኘው ለዚያው ጥፋት 1,200 ይከፍላል። ለሚያሳድጉት ለእያንዳንዱ ልጅ ከቀኑ ዋጋ 3 ዩሮ ይነሳል። ገቢ የሚታየው ግን ከተፈቀደው ፍጥነት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሲታለፍ ነው፤ ከዚያ በታች ለሁሉም አንድ ነው። በ2023 ኦላንድ በሚባሉት የፊንላንድ ደሴቶች ላይ 50 በተፈቀደበት 82 የነዳ ባለሀብት 121,000 ዩሮ ተቀጥቷል።

ፖሊሱ ገቢውን የሚያየው ከግብር መዝገብ ነው። የእኛ ጣጣ እዚሁ ላይ ነው። የደመወዝተኛው ግብር ከምንጩ ስለሚቆረጥ ገቢው እስከ ሳንቲሙ ይታወቃል፤ የነጋዴው ግን በአብዛኛው ራሱ ያሳወቀውን ያህል ነው። ዛሬ ቢጀመር መምህሯ ከአስመጪው በላይ ልትቀጣ ትችላለች። በመኪናው ዋጋ ይለካ ቢባልም፣ ቅጥር ሹፌር በአሠሪው መኪና ሊቀጣ ነው። ለጊዜው የመንጃ ፈቃድ እገዳውን ማጥበቅ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በሹፍርና ለሚያድረው ያም እንጀራው መሆኑ ሳይረሳ።