ስለ ዓይን ማዝና ስለ ጸጉር መቀልበስ የጠየቃችሁኝ

ጎንደርና ዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በዓይን ነርስነት እሠራለሁ። ሰሞኑን ስለ ትራኮማ ወይም የዓይን ማዝ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው ወደ ዓይን የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት ስለሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና ነው። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ የተነሳ ስለ በሽታው ከተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች ብዙዎቹ የተሠሩት እዚሁ፣ በእኛው እናቶችና አባቶች ዓይን ላይ ነው። ውጤቱ በሕክምና መጽሔት ብቻ ታትሞ እንዲቀር አልፈልግም።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ እናቴ “አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል” ትላለች። ሞራ ነው ወይስ ማዝ?

ሞራ አይቆረቁርም። ያለ ሕመም ቀስ እያለ ነው የሚያደበዝዘው። ዓይኗን የሚቆረቁራት፣ የሚያስነባት፣ ፀሐይ አላስወጣ የሚላት ከሆነ ማዝ የሚያመጣውን የተቀለበሰ ጸጉር፣ ማለትም ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይንን የሚነካ ሽፋሽፍት ጠርጥሪ። ብርሃን ባለበት አስቀምጫት ከጎን ሆነሽ የሽፋሽፍቷን ሥር እዪ። አንድ ጸጉር እንኳ ዓይኗን ከነካ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ ብዙ እናቶች ጸጉሩን ራሳቸው ስለሚነቅሉት ላይታይሽ ይችላል። ወረንጦ በመቀነቷ ወይም በቦርሳዋ ትይዝ እንደሆነ ጠይቂያት። እኔ ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሞራውም ማዙም አንድ ላይ ሊኖሩባት ይችላሉ፤ ሁለቱም ይታዩላት።

ጥያቄ (ከቆላ ድባ)፦ ዓይኔን ያመመኝ በልጅነቴ ነበር፤ ዳንኩ። አሁን በ50 ዓመቴ ጸጉር እንዴት ይቀለበስብኛል?

እኅቴ፣ ይህ የበሽታው ዋና ተንኮል ነው። አምጪው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የሚኖረው የዓይን ቆባችንን ከውስጥ በሸፈነው ስስ ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ነው። አንዴ መጥቶ ቢሄድ ይህን ያህል ጉዳት ባላደረሰ። ክፋቱ መመላለሱ ላይ ነው። ከታናሽ ወንድም፣ ከእናት ነጠላ፣ ከጎረቤት ልጅ ጣት እየተነሳ በልጅነት ደጋግሞ ይይዛል።

የሕፃን ልጅን የላይኛውን ቆብ ገልብጠን ስናይ ነጫጭ ጥቃቅን እብጠቶች እናገኛለን። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ንቁ ትራኮማ አለበት እንላለን። ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ባክቴሪያውን ለመዋጋት ሰውነታችን የሚያስነሳው ብግነት ነው። ብግነቱ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳ ይጥላል። ጠባሳው በዓመታት ውስጥ እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሽፋሽፍቱም አብሮ ይዞርና በእያንዳንዱ እርግብግቢት ብሌንሽን ይፍቃል። ባክቴሪያው ከሄደ 30 ዓመት ቢያልፈውም ጠባሳው ሥራውን አያቆምም።

ሴቶች በትራኮማ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። ሕፃናት ከእጃቸው ስለማይጠፉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲለከፉ ይኖራሉ።

ጥያቄ፦ ቢላዋ እፈራለሁ። ወረንጦው አይበቃኝም?

ይህን በክልላችን አጥንተውታል። ዓይናቸውን የሚነካው ጸጉር ጥቂት ብቻ የሆነ 1,300 ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተሠሩ፤ ግማሾቹ ጥሩ ወረንጦና ጥሩ ዓይን ያለው ነቃይ ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጸጉሩ የባሰባቸው በነቃዮቹ በኩል 13 በመቶ፣ በተሠሩት በኩል 2 በመቶ ገደማ ነበሩ። በዕይታቸውና በብሌናቸው ጉዳት ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ስለዚህ ጸጉሩ አንድ ሁለት ከሆነና ቀዶ ሕክምናውን ፈጽሞ እምቢ ካልክ ወረንጦ ከምንም ይሻላል። ግን ሹልነቱን ያላጣ፣ ጫፉ የሚገጥም ወረንጦ ይሁን። ጸጉሩን መሃሉ ላይ የሚሰብር ወረንጦ ጉቶ ያስቀራል፤ ጉቶው ደግሞ ከረጅሙ ጸጉር ይብሳል። ጸጉሩ ከበዛ ግን ተሠራ፤ የእኔ ምክር ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምናው ምን ይመስላል? ዓይን ያወጣሉ የሚል ወሬ አለ።

ሐሰት ነው። ብሌንን የሚነካ የለም። የምንሠራው ቆቡን ብቻ ነው። የሚያመው መጀመሪያ ላይ ቆቡ ላይ የምትወጋው የማደንዘዣ መርፌ ነች፤ እሷም ለጥቂት ሰከንድ። ከዚያ ከሽፋሽፍቱ ሥር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብለን እንቀድና ጠርዙን ወደ ውጭ አዙረን እንሰፋዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዓይኑ ታሽጎ ያድርና በማግስቱ ይከፈታል። የሚሠራውም ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች በየወረዳው ይሠራሉ። ክሩ የሐር ከሆነ ለማስወጣት ትመለሳላችሁ። በራሱ የሚሟሟ ክርም አለ። በክልላችን ሁለቱን ያነጻጸረ ጥናት ጸጉሩ ተመልሶ በመምጣቱ ረገድ ልዩነት አላገኘም።

ጥያቄ (ከደምቢያ)፦ ጎረቤቴ ተሠርታ ዓመት ሳይሞላት ተመልሶ በቀለባት። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

ከሁሉም በላይ ልመልሰው የምፈልገው ይህን ነው። አዎ፣ ይመለሳል። ይህን ደብቀን “አንዴ ከተሠራ አለቀ” ብለን የምንልክ ከሆነ ሰውን እንበድላለን።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ለውጥ ያመጣል። አንደኛው ቆቡን ከቆዳው እስከ ውስጡ ሽፋን ዘልቆ ይቀድዳል። ሌላው ከውስጥ በኩል ብቻ ቀዶ የውጭውን ቆዳ አይነካም። እስማኤል ሀብታሙ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እዚሁ አማራ ክልል 1,000 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ሁለቱን አወዳደሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ጸጉሩ የተመለሰባቸው በመጀመሪያው ዓይነት 22 በመቶ፣ ከውስጥ ብቻ በተቀደደው 13 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በወላይታ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንዴ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት የጸጉሩን መመለስ በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከተሠራችሁ በኋላ ኪኒን ሲሰጧችሁ ኪሳችሁ ከታችሁ አትርሱት።

የሠሪው እጅም ወሳኝ ነው፤ የጠባሳው ክብደትም እንዲሁ። ጸጉሩ የተመለሰበት ሰው ግን አፍሮ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። ይህ የእርሱ ጥፋት አይደለም። ጎረቤትሽን እንደገና ትታይ ብለሽ ላኪያት። ድጋሚ የተሠራ ቆብ ከበድ ስለሚል ልምድ ያለው ሰው ይሻላል፤ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ዓይን ክፍል ሊያስተላልፏት ይችላሉ።

ዋጋውን ከጠየቅሽኝ ደግሞ እነሆ። ዕይታቸው ምንም ያልተሻሻለላቸው ሰዎች እንኳ ከተሠሩ በኋላ ኑሯቸው በጣም እንደተሻሻለ እስማኤልና ባልደረቦቹ መዝግበዋል። መቆርቆሩና እንባው ሲቆም እሳት ዳር ቁጭ ብሎ እንጀራ መጋገር፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ገበያ መሄድ ይቻላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጸበል ላይ ናት። ላስቋርጣት?

ማንንም ከጸበል አላስቋርጥም። ከተሠራች በኋላ ግን ፋሻው እስኪነሳና ቁስሉ እስኪሽር ዓይኗ ውኃ እንዳይነካው ለካህኑ ንገሪያቸው፤ ያውቁበታል። ፊት ማድረቂያ ጨርቅ ለሁለት አይሁን።

ጥያቄ፦ ያልታመምነውን ሁሉ በዘመቻ ዚትሮማክስ (አዚትሮማይሲን) የሚያስውጡን ለምንድን ነው?

ባክቴሪያው ምልክት ሳያሳይ ሕፃናት ላይ ስለሚቀመጥ። የታመመውን ብቻ ብናክም በወሩ ከጎረቤቱ ይመለስበታል። መድኃኒቱ ሌላም ጥቅም ታይቶበታል። ጎጃም ውስጥ በተደረገ ጥናት ኪኒኑ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ውጤቱ የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በተደረገው በጣም ሰፊ ጥናት ደግሞ ቅነሳው 14 በመቶ አካባቢ ነበር። ጉዳትም አለው፤ ደጋግሞ ሲሰጥ የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምዳል። ስለዚህ ከዘመቻ ውጭ ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትዋጡት። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው የሚሰጠው።

ጥያቄ፦ ፊት መታጠብና ሽንት ቤት መቆፈር ብቻውን አያጠፋውም?

ዋግ ኽምራ ውስጥ 40 መንደሮችን ከፍለው ሞክረውታል። ለግማሾቹ ውኃ፣ የንጽሕና ትምህርትና የሽንት ቤት ድጋፍ ሰጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕፃናቱ ዓይን ላይ ያለው ባክቴሪያ ከሌሎቹ አላነሰም። እኔም ሳነበው አዝኛለሁ። ግን ውኃ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በሽታው በጣም በበረታበት ቦታ ንጽሕና ብቻውን አይችለውም፤ ከመድኃኒቱ ጋር መሄድ አለበት። ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ ከሁሉ በላይ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ሽንት ቤት ውስጥ ግን እምብዛም። ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018 እ.ኤ.አ. ትራኮማን እንደ ሕዝብ የጤና ችግር ማጥፋታቸው ሲታወጅ ሁሉንም አጣምረው ነበር።

ጥያቄ፦ አባቴ አንድ ዓይኑ ነጭ ሆኗል። ብርሃኑ ይመለሳል?

ብሌኑ ላይ ጠባሳ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው አይመልሰውም፤ እንዳይብስ ያቆመዋል እንጂ። እርሳቸውን ይዘህ ስትመጣ ደህና ነው የምትለውን ዓይንም እናያለን። እናትህንም አምጣቸው።