ስለ ክፍት ኮድ ማኅበራዊ ሚዲያ ጠይቁኝ፣ ከሐዋሳ ነኝ

ሰላም ናችሁ። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ለ60 ያህል ሰው የሚሆን ትንሽ የማስቶዶን ሰርቨር እናስተዳድራለን፣ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ማስቶዶን ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት መመሪያ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፣ ሰርቨር ደግሞ እሱን የሚያሠራው ኮምፒውተር ነው።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ ቤት አላት። አንድ ትልቅ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለአራት ዓመት ያሳደገችው ገጽ ነበራት፣ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ተከታይ ያለው። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ የለም። «ደንብ ጥሰዋል» ይላል፣ የትኛውን ደንብ እንደሆነ ግን አይናገርም። የመጨረሻ ፖስቷ የቆሮሶ ጥብስ ከነሚጥሚጣው ነበር። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አቤት አለች፣ እስከ ዛሬ መልስ የለም። ገጹ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ደንበኞቿ እነማን እንደሆኑ የምታውቅበት መንገድ አብሮ ጠፋ።

ስለዚህ የመጣላችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ኮድ አላነብም። ኮዱ ተከፈተ ተዘጋ ለእኔ ምን ይፈይዳል?

ወፍጮ ቤት እህልህን ይዘህ ስትሄድ ወፍጮውን መፍታትና መግጠም አትችልም። ግን ቆመህ ታያለህ፣ ያንተ እህል ከሌላ ሰው ጋር እንዳይቀላቀል ትጠብቃለህ። «አስቀምጠህ ሂድ፣ ማየት ክልክል ነው» ብትባል ሌላ ወፍጮ ቤት ትፈልጋለህ። ክፍት ኮድም እንዲሁ ነው። አንተ ባታነብ የሚያነብልህ አለ፣ ያልጣመውም ሰው ኮዱን ወስዶ የራሱን ይተክላል።

ፈቃዱም ጥርስ አለው። ማስቶዶን የሚጠቀምበት ፈቃድ ኤጂፒኤል ይባላል፣ ኮዱን አሻሽለህ ለሕዝብ አገልግሎት ካዋልከው ያሻሻልከውን ኮድ ለተጠቃሚዎችህ ክፍት የማድረግ ግዴታ አለብህ። እ.ኤ.አ. በ2021 የትራምፕ ማኅበራዊ ሚዲያ ትሩዝ ሶሻል በማስቶዶን ኮድ ተሠርቶ ምንጩን ሳያሳውቅ ብቅ አለ። ማስቶዶን ፈቃዱን ጠቅሶ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ትሩዝ ሶሻል ኮዱን ድረ ገጹ ላይ አወጣው።

ጥያቄ፦ ማስቶዶን ከፌስቡክ በምን ይለያል? ሁለቱም ፖስት ማድረጊያ አይደሉም እንዴ?

ከሳፋሪኮም ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ትደውላለህ አይደል? ሲም ካርዱ የሌላ ድርጅት ቢሆንም ይደወላል። ማስቶዶን እንደዚያ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት አለው፣ የእኛ ሰርቨር ላይ አካውንት የከፈተ ሰው ጀርመን ሰርቨር ላይ ያለውን ሰው መከተል ይችላል። የሚነጋገሩበት ቋንቋ አክቲቪቲፐብ ይባላል፣ የድሩን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብልዩስሪሲ እ.ኤ.አ. በ2018 አጽድቆታል። ማስቶዶንን ዩጂን ሮችኮ የሚባል ጀርመን የሚኖር ወጣት ነው እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው። ይህንኑ ቋንቋ የሚናገሩ ሌሎችም አሉ፣ ለፎቶ ፒክስልፌድ፣ ለቪዲዮ ፒርቲዩብ።

ጥያቄ፦ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ አሞራ ገደል ብዙ እሠራለሁ። ፎቶ ስለጥፍ ከተከታዮቼ ሩቡ እንኳን አያየውም። እናንተ ጋ ይታያል?

የማስቶዶን ዋናው ገጽ በሰዓት ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። የምትከተለው ሰው የለጠፈው ይመጣልሃል፣ ወይም ሰው ያጋራው። ማስታወቂያ የለም፣ «ይህን ቢያይ ይናደዳል፣ ሲናደድ ይቆያል» ብሎ የሚያሰላ ማሽን በመሀል የለም። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ተከታዮችህ አሁን እዚህ የሉም። ፎቶህ ለሚከተሉህ 40 ሰዎች በሙሉ ይደርሳል፣ 40 ሰው ግን 40 ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ ልብስ እሸጣለሁ። ትቼ ልምጣ?

አትተዪ እህቴ። ገዢሽ ያለው እዚያ ነው። ያንቺ ችግር ገዢዎችሽን የምታገኚበት ብቸኛው መንገድ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው። ዛሬውኑ ደብተር አውጪና ከአንቺ የገዛውን ሰው ሁሉ ስምና ስልክ ጻፊ። እያስፈቀድሽ ግን። የአክስቴ ልጅ አሁን ካውንተሩ ላይ ባለ መስመር ደብተር አላት፣ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ከፈለገ ይጽፍላታል። ሁለት ደብተር ሞልታ ሦስተኛውን ጀምራለች።

ጥያቄ፦ «ቁጥጥሩ በእጅህ ነው» ትላላችሁ። አድሚኑ አንተ ከሆንክ ቁጥጥሩ ያንተ ነው እንጂ የእኔ መች ሆነ?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ። ልክ ነህ፣ በሰርቨሩ ላይ ሥልጣን አለኝ። አካውንትህን ማገድ እችላለሁ፣ ፖስትህን ማጥፋት እችላለሁ። ልዩነቱ የሚመጣው ከእኔ ጋር ስትጣላ ነው። ሌላ ሰርቨር ላይ አካውንት ትከፍታለህ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ «ተዛውሬያለሁ» ትላለህ፣ ተከታዮችህ ራሳቸው ወደ አዲሱ አካውንት ይሻገራሉ። የምትከተላቸውንና ብሎክ ያደረግካቸውን ሰዎች ዝርዝር ፋይል አውርደህ ታስገባዋለህ። እኔ ደስ ባይለኝም አደረግከው።

ፖስቶችህ ግን አይሻገሩም። አሮጌው ቦታ ይቀራሉ፣ ኮፒያቸውን ማውረድ ትችላለህ እንጂ። ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሠራው አሮጌው ሰርቨር በሕይወት ካለና አካውንትህ ካልታገደ ነው፣ ስለዚህ ዝርዝሩን ቀድመህ አውርድ። እኛ በየወሩ መጨረሻ ለሁሉም አባል «ባክአፕ አውርዱ» ብለን እንጽፋለን፣ አንዳንዱ ይሰለቻል፣ እንጽፋለን።

የሰርቨር ባለቤት ማለት እንደ ቤት አከራይ ነው። ክፉም ደግም ይገጥምሃል። ዕቃህን ይዘህ መውጣት ከቻልክ ግን ክፉው አከራይ ያን ያህል አያስፈራህም።

ጥያቄ፦ አድሚኑ የግል መልእክት ያነባል?

ማንበብ ይችላል። የማስቶዶን የግል መልእክት ጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው ተደርጎ አልተቆለፈም። እኛ አናነብም፣ ግን ቃላችንን ብቻ አትመኑ፣ ምስጢር እዚያ አትጻፉ። ለምስጢር ሲግናል የሚባል የመልእክት አፕ አለ፣ የአፑም የሰርቨሩም ኮድ ክፍት ነው፣ መልእክቱም የተመሰጠረ ነው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራምስ? ክፍት ኮድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ግማሹ። ስልክህ ላይ ያለው አፕ ኮዱ ክፍት ነው፣ የሰርቨሩ ዝግ ነው። ተራው ቻትም እነሱ ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» ብለህ ስትከፍት ብቻ ነው። ግሩፕማ በጭራሽ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ልጆቼ ላይ የሚወርደው ስድብ ያሳስበኛል። ተቆጣጣሪ በሌለበት ቦታ ይህ አይብስም?

መምህር፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ተሳዳቢም የራሱን ሰርቨር ይከፍታል፣ ከፍተዋልም። እኛ የምናደርገው እንዲህ ያለውን ሰርቨር በሙሉ ከእኛ መቁረጥ ነው፣ ከዚያ የሚመጣ ነገር አባሎቻችን ጋ አይደርስም።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት አንድ አባል ሪፖርት ላከልን። ፖስቱ በአማርኛ የተጻፈ ተረት ነው የሚመስለው፣ አንድም ስድብ የለበትም። ማሽን ቢያየው ያሳልፈዋል። የአገሩን ነገር የማያውቅ ሰው ቢያነበውም ያሳልፈዋል። ከመካከላችን ሲዳሙ አፎ ተናጋሪ የሆነችው ጓደኛችን ግን ገና እንዳነበበችው ፊቷ ተለወጠ፣ የትኛውን ሕዝብ በምን ስም እንደሚጠራ ገባት። በ20 ደቂቃ ውስጥ አነሳነው፣ ለጻፈውም ሰው ለምን እንዳነሳነው በአማርኛ ጻፍንለት። ተናደደና ወጣ። ለእኔ ቁጥጥር ማለት ይህ ነው፣ የሚፈርደው ሰው ቋንቋህን መስማቱ።

ከባዱ ድካሙ ነው። ይህን የምንሠራው ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ነው። ሺህ ሰው ብንሆን አንችለውም፣ ለዚህ ነው ቁጥሩን የያዝነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ማን ይከፍላል?

አባላት የቻሉትን ያዋጣሉ፣ የቀረውን አምስታችን እንሸፍናለን። ከብሩ በላይ ዶላሩ ነው ራስ ምታቱ። ሰርቨሩ የተከራየው ውጭ አገር ስለሆነ የአንዳችን ወንድም እዚያ ሆኖ በካርዱ ይከፍላል፣ እኛ እዚህ ለእናቱ እንሰጣለን። ደግሞ ዲስክ ይሞላል። ከሌሎች ሰርቨሮች የሚመጣው ፎቶና ቪዲዮ ኮፒው እኛም ጋ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላወቅንም ነበር፣ አንድ እሑድ ሌሊት ዲስኩ ሞልቶ ሁሉ ነገር ቆመ። ማስቶዶን ከሌላ ቦታ የመጣውን የቆየ ፎቶ የሚያጸዳ ትዕዛዝ አለው፣ አሁን ከሰባት ቀን ያለፈውን በየሌሊቱ ራሱ እንዲያጸዳ አድርገነዋል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ኔት ሲዘጋ ይሠራል?

ኢንተርኔት ጠቅላላ ከጠፋ ምንም አይሠራም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተመርጠው ሲታገዱ ግን ሌላው ይሠራ ነበር፣ እስከ ክረምቱ ድረስ ሰው በቪፒኤን ነው የኖረው። ብዙ ትንንሽ ሰርቨር ሲኖር አንድ ስም በማገድ ሁሉንም መዝጋት አይቻልም። ከዚህ በላይ ቃል አልገባም።

ጥያቄ፦ ብሉስካይ አይሻልም?

ብሉስካይ ሌላ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፣ ለጀማሪ ይቀላል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2019 ትዊተር ውስጥ ነው የተጀመረው፣ ለሁሉም ክፍት የሆነው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ነው። የምታየውን ነገር የሚያሰልፍልህን ስልት ራስህ ትመርጣለህ፣ ሰው የሠራውን ወይም የራስህን፣ ይህ በጣም የምወደው ነገር ነው። ግን አብዛኛው ሰው አሁንም ያለው የአንድ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው። መውጫ በር አለ፣ እስካሁን የወጣው ሰው ግን ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ እናንተ ጋ መግባት እችላለሁ? እዚሁ ሐዋሳ ነኝ፣ ሞባይል ብቻ ነው ያለኝ።

ሞባይል ይበቃሻል። አሁን ግን አዲስ ሰው አንቀበልም፣ ዲስኩን እስክናሳድግ ሁለት ሳምንት ያህል ታገሺን። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ነኝ። ብቅ በይ፣ አሁን ያለሽን አካውንት ዳታ እንዴት እንደሚወርድ ስልክሽ ላይ አሳይሻለሁ። ፋይሉ ከከበደ የምትገለብጪበት ፍላሽ ያዢ።