የተራረፉ ካሬዎች ላሏችሁ ወጣት ሰፊዎች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በስፌት ሙያ ስላሳለፍኩ ወጣቶች ብዙ ነገር ይጠይቁኛል። ከሁሉ የሚደጋገመው ግን “ከሌላ ሥራ የተረፉ፣ ከብጣሽ ጨርቅ የተገጣጠሙ ካሬዎች አሉኝ፤ ምን ላድርጋቸው?” የሚለው ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ገጣጥማችሁ ብርድ ልብስ አድርጓቸው፤ ለዚህም አዲስ ካሬ መስፋት አቁሙና ያሉትን ቁጠሩ።

እንዲህ የምለው ምክንያት አለኝ። ሥራው ቆሞ የሚቀረው ካሬ ስላነሰ አይደለም። አንድ ካሬ መስፋት ደስ ይላል፣ ቶሎም ያልቃል። ማገጣጠሙ ግን ውሳኔ ይጠይቃል፤ ስፋቱ ስንት ይሁን? የትኛው ከየትኛው አጠገብ ይግባ? ማን ይለብሰዋል? ከዚህ ውሳኔ ለመሸሽ ሲባል ሌላ ካሬ ይሰፋል። ክምሩ ያድጋል፣ ብርድ ልብስ ግን አይወጣውም።

ሃያ ካሬ አላችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ ጎኑ 30 ሴንቲሜትር ነው። አራት በአምስት ብትደረድሯቸው 120 በ150 ይወጣል፤ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው እግር ይበቃል። በየመሃላቸውና ዙሪያውን 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ጨርቅ ብታስገቡ ደግሞ 145 በ180 ይሆናል። አንድም ካሬ ሳትጨምሩ ማለት ነው። በዚያ ላይ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ሐሳብ የተሰፉ ካሬዎችን የሚያስማማቸው ይህ መሃል የሚገባ ጨርቅ ነው። ቀለሙ አንድ ይሁን። ብዙ ሰው ነጭ ይመርጣል፤ እኔ አልወደውም፤ እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው ነጥሎ ያቆመዋል። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ይሰበስባቸዋል።

ቀጥሎ ልክ ነው። እኩል ናቸው ያላችኋቸው ካሬዎች በሜትር ሲለኩ እኩል አይሆኑም። ለስፌት የሚተወው ትርፍ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሚሰፋው ሰው ይህን ትርፍ በ1 ሚሊሜትር ካሰፋው፣ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚወሰድ፣ በየስፌቱ 2 ሚሊሜትር ይጠፋል። ጎን ለጎን ሦስት ስፌት ያለው ካሬ 6 ሚሊሜትር ያጥራል፤ አሥሩ ሲሰለፉ ልዩነቱ 6 ሴንቲሜትር ደረሰ ማለት ነው። ታዲያ ሁሉንም በትንሹ ልክ ልቁረጥ አትበሉ፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ካለ ጫፉ ይቆረጣል፣ ውበቱም አብሮ ይሄዳል። ይልቅ ትንንሾቹን ዙሪያቸውን በቀጭን ጨርቅ ክፈፏቸውና ሁሉንም በአንድ ልክ አስተካክሉ። ጠርዙ ከድርና ማጉ ጋር ቀጥ ያልሆነ፣ በሰያፍ የተቆረጠ ካሬ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ፤ ገና ሲነኩት ይለጠጣል። ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ አንድ መስመር ስፉበትና ያዙት።

አደራደሩን ወለል ላይ ሞክሩት፤ ከዚያ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ዓይን በቀለም ይታለላል፤ ቀይና አረንጓዴ የተለያዩ መስለው ፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠቆር ያሉት አንድ ጥግ ከተከማቹ ያኔ በግልጽ ይታያችኋል። ለዚህ ሥራ አንድ ምሽት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማዟዟር መሸሽ ነው።

አሁን ወደ ካውያው። ካውያ ጨርቅ ላይ አይገፋም፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ከገፋችሁት ካሬው ይጣመማል። የአንዱን ረድፍ ስፌቶች በሙሉ ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለውን ረድፍ ወደ ግራ አስተኝታችሁ ተኩሱ። ሁለቱን ረድፎች ፊት ለፊት ስታገናኙ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙና ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱ። ሁለቱ ወፍራም ስፌቶች ሲገናኙ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ ጣታችሁም እብጠቱ እንደ ጠፋ ይነግራችኋል። እዚያው ላይ ስፒል ሰክታችሁ ስፉ፤ አራቱ ማዕዘኖች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ይህን አንዴ የለመደ እጅ ማስመሪያ አይፈልግም።

ካልተገናኘስ? እኔ ከ3 ሚሊሜትር በታች የሆነን ስሕተት አልፈታም። ድሪቶ ነው ብሎ የሚስቅ ይኖራል፤ ይሳቅ። በአሜሪካ አላባማ፣ ጂስ ቤንድ በሚባል የጥቁር ገበሬዎች መንደር፣ ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቆራርጣ ብርድ ልብስ ሠርታለች። መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ጨርቁም ያረጀ ነው። የዚያ መንደር ሴቶች ሥራዎች በ2002 ሂውስተን ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታይተዋል።

ሦስቱን ሽፋን፣ ማለትም ከካሬዎቹ የተገጣጠመውን ላይኛውን፣ የመሃሉን ንጣፍና የታችኛውን ገበር፣ ስታገናኙ ገበሩ በሁሉም ጎን ከላይኛው 10 ሴንቲሜትር ይብለጥ። በመሃል የሚገባውን ንጣፍ ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ስፌቱ ቢበዛ በስንት ሴንቲሜትር መራራቅ እንዳለበት ተጽፏል። አንዳንዱ ከ10 በላይ አይችልም፤ ከዚያ ካራቃችሁት ሲታጠብ ይበጣጠስና አንድ ቦታ ይጓጉላል። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ ወስውሱት፤ ከጠርዝ ከጀመራችሁ ገበሩ መሃል ላይ ይሸበሸባል። ለመጀመሪያ ሥራ ደግሞ በመኪና መስፋት ግዴታ አይደለም። ወፍራም የጥጥ ክር በየካሬው ማዕዘንና መሃል አሳልፎ ድርብ ቋጠሮ መቋጠር ይበቃል፤ ማሸጊያው ከፈቀደው ርቀት ግን አትለፉ። አሳንሶ የሚያይ ካለ ልብሱን ለብሶ ይሞክረው።

ጠርዙን 6 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው፣ ለሁለት በታጠፈ ጨርቅ ዙሩት። ከመታጠቡ በፊት ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቆቹን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈተግ አድርጓቸው፤ ቀለም ከለቀቁ የመጀመሪያው እጥበት በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው ይሁን፤ ሳይዘፈዘፍ ወዲያው ይውጣ።