ቦርዱን አጠብነው፣ ነጭ ዱቄት አወጣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኛዬ አዳማ ላይ ለጫጩት መፈልፈያ ማሽን የሙቀት መቆጣጠሪያ ቦርድ እየሰራን እንሸጣለን፣ ሶልደሩን (ዕቃዎቹን ቦርዱ ላይ መበየዱን) በእጃችን ነው ምንሰራው፣ ሲበየድ የምንጠቀመው ፍላክስ ኖ ክሊን የሚባለው ነው። ከፍላክሱ ቦርዱ ላይ የሚቀረው ቡኒ ነገር ደንበኛ ፊት ያስጠላል ብለን በ70 ፐርሰንት አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ፈተግነው፣ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አወጣ። አሁን ደግሞ ሁለት ሰዎች ስክሪኑ 37.5 ይላል በቴርሞሜትር ስንለካው ግን 36 ነው ብለው መለሱልን። ሴንሰሩን (ሙቀቱን የሚለካውን) ቀየርን፣ ያው ነው። የሁለቱ ነገር ይገናኛል?

መልስ፦ በጣም ይገናኛል ወንድሜ። ፍላክስ በአብዛኛው የጥድ ሙጫ ነው፣ ውስጡ ትንሽ አሲድ አለው፣ መዳቡ ላይ ያለውን ዝገት አንስቶ ሶልደሩ እንዲይዝ ሚያደርገው እሱ ነው። ኖ ክሊን ማለት ሳይታጠብ ቢቀርም ችግር የለውም ማለት ነው፣ ያውም በደንብ ከሞቀ፣ ምክንያቱም ሲሞቅ አሲዱ አብዛኛው ይተናል ቀሪውን ደግሞ ሙጫው እንደ ሰም ሸፍኖ ይይዘዋል። እናንተ ስትፈትጉት ሽፋኑ ሟሟ፣ አልኮሉ እዛው ተነነ፣ አሲዱ ራቁቱን ቀረ። ነጩ ነገር እሱ ነው፣ የፈራረሰ ሙጫና የአሲድ ትርፍራፊ። ግማሽ የታጠበ ቦርድ ጭራሽ ካልታጠበው ይብሳል ምለው ለዚህ ነው።

አሁን ማሽናችሁን አስቡት፣ ሙቀቱ 37.5፣ እርጥበቱ ከ50 ፐርሰንት በላይ። ቆሻሻው እርጥበት ይስባል፣ ሲረጥብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሴንሰራችሁ 100 ኪሎኦም ኤንቲሲ (ኤሌክትሪክን የሚከለክልበት መጠን፣ በኦም የሚለካው፣ ከሙቀት ጋር የሚቀያየር) ነው እንበል፣ 37.5 ላይ ወደ 58 ኪሎኦም ይሆናል፣ በሁለቱ እግሮች መሀል በቆሻሻው በኩል የ1 ሜጋኦም መንገድ ብቻ ቢከፈት ቦርዱ የሚያነበው ወደ 55 ይወርዳል። ኤንቲሲ ሲሞቅ ነው ኦሙ ሚቀንሰው፣ ስለዚህ ቦርዱ ከእውነቱ ከ1 ዲግሪ በላይ የሞቀ ይመስለውና ሂተሩን ቶሎ ያጠፋል። ሰውየው 21 ቀን ጠብቆ ሲከፍተው የቀዘቀዘ እንቁላል ያገኛል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

አጠባው እንዲህ ነው። አልኮሉ 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል ይሁን፣ 70 የሚለው ሲሶው ገደማ ውሃ ስለሆነ ሙጫ ለማሟሟት ይደክማል። የእጅ ሳኒታይዘር በፍፁም፣ ግሊሰሪን ስላለው ሌላ ቅሪት ትጨምሩበታላችሁ። ቤንዚንም ሙጫውን ይወስድና አሲዱን ይተዋል፣ ቲነር ፕላስቲክ ይበላል። ሁለት ዕቃ አዘጋጁ፣ በአንዱ ፈትጉ፣ ቦርዱን አዘንብላችሁ ሳይደርቅ (ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፣ ሳይደርቅ!) ከሁለተኛው ንፁህ አልኮል አፍስሱበት፣ ቆሻሻው ከቦርዱ ላይ ወርዶ መሄድ አለበት እንጂ ቦታ መቀየር የለበትም። ከዛ በባትሪ ውሃ አለቅልቁት፣ ሱቅ ስትገዙ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ንፁህ ውሃውን በሉ፣ የቧንቧ ውሃ የራሱን ጨው ይተዋል። 60 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት ይድረቅ። ቦርዱ በዘር (ጢጥ የሚል ድምፅ ማሰሚያ) ካለው ቀዳዳው ላይ ያለውን ወረቀት ከአጠባ በፊት አትላጡት፣ ያልታሸገ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ) ካለ ከታጠበ በኋላ ይገጠም። የሶልደሩን ካውያ አጥፉ መስኮት ክፈቱ፣ የዚህ አልኮል ትነት ከ12 ዲግሪ ጀምሮ እሳት ይይዛል።

ኮቲንግ (ቦርዱን ከእርጥበት የሚከላከል ሽፋን) መቀባት ጥሩ ነው፣ ግን ከፀዳ በኋላ፣ ቆሻሻ ላይ ከቀባችሁት አሽጋችሁ አስቀመጣችሁት ማለት ነው።

የተመለሱትን ሁለቱን ቦርዶች ሳታጥቡ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ሴንሰሩን ንቀሉና በቦታው 56 ኪሎኦም ሬዚስተር ግጠሙ፣ ስክሪኑ ሚለውን ፃፉ፣ ከዛ ቦርዱን እየሰራ ውሃ ከነካ ስፖንጅ ጋር (ቦርዱን ሳይነካው) ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አሳድሩት። ሬዚስተሩ ስለማይቀየር ቁጥሩም መቀየር የለበትም፣ ጠዋት ወደ ላይ ሄዶ ካገኛችሁት ልቀቱ (ኤሌክትሪኩ በቆሻሻው በኩል ማለፉ) ቦርዱ ላይ ነው። አጥባችሁ ድገሙት፣ ቁጥሩ ባለበት ካደረ ለሰዎቹ መልሱላቸው።