ፍጉ ሥራውን ገና አልጨረሰም፦ ከቡሬ ለደረሰኝ ደብዳቤ የተሰጠ መልስ

እኅቴ፣ ለመመረቂያ ጥናትሽ በአባትሽ ማሳ ላይ የእርሻ ድግግሞሽና የከብት ፍግ በበቆሎ ምርት ላይ ያላቸውን ውጤት እንደሞከርሽ፣ ፍግ ብቻ ያገኘው መደብ፣ በተለይም አንድ ጊዜ ብቻ የታረሰው፣ ዩሪያ (የፋብሪካ ናይትሮጅን ማዳበሪያ) ካገኘው በምርት በማነሱም «ጥናቴ ከሸፈ» ብለሽ እንዳዘንሽ ጽፈሽልኛል። ቤተሰብሽም «ለእበት ነው ያስተማርንሽ?» እያለ ወደ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሊያስቀጥርሽ ይፈልጋል። ሁለተኛ ዲግሪ ስለ መቀጠልና እንግሊዝኛሽን ስለ ማሻሻልም ጠይቀሽኛል።

ጥናትሽ አልከሸፈም፤ ገና አላለቀም። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ሲሆን፣ በደንብ የተያዘ ደረቅ ፍግ ግን የሚይዘው ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው የአፈር ደቂቅ ተሕዋስያን ቀስ በቀስ እስኪያፈራርሱት ድረስ ሥር ሊወስደው በማይችል መልክ ታስሮ ይቆያል። በቆሎው አበባ አውጥቶ ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ናይትሮጅን ካጠረው በአንድ ራስ ላይ የሚይዘው ፍሬ ቁጥርም ክብደትም ይቀንሳልና፣ ከየመደቡ ያስቀመጥሽው እህል ካለ የሺህ ፍሬ ክብደቱን ለየብቻ መዝኚ።

ፍጉን መቼና እንዴት እንደቀበርሽው ግን አልነገርሽኝም፤ ዋናው ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነው። ማሳ ላይ ተበትኖ የዋለ ፍግ ናይትሮጅኑ በከፊል በአሞኒያ ጋዝ መልክ ስለሚተን፣ አንድ ጊዜ ብቻ በታረሰው መደብ ላይ የታየው ጉድለት ከእርሻው ማነስ ይልቅ ከፍጉ አለመቀበር የመጣ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ አራት አምስት ጊዜ ማረስ አረምን ቢያዳክምም የአፈሩን ብስባሽ ያሟጥጣል፤ የላላውንም አፈር ለክረምት ጎርፍ ያጋልጣል። በአሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ፍግ በአሉሚኒየም የተያዘውን ፎስፎረስ ለተክሉ ስለሚያስለቅቅ ጥቅሙ በናይትሮጅን ብቻ አይለካም።

ስለ ቤተሰብሽ በግልጽ ልናገር። ኩበቱን በምድጃ እያነደደ፣ አገዳውን ለከብት እየሰጠ፣ በየዓመቱ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የሚጨነቅ ቤት ስለ እበት የተማረች ልጁን ሊንቅ አይገባውም። ደመወዝ ያስፈልጋል ካሉ ግን እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ በቀበሌ የግብርና ባለሙያነት ተወዳደሪ፤ ክፍያው ከብድር ተቋሙ ቢያንስም ማሳው ከእጅሽ አይወጣም። (እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነውና ሚዛኔ ወደዚያ ማጋደሉን አልክድም።)

ሁለተኛ ዲግሪው የሁለት ወቅት መረጃ እስኪኖርሽ ይቆይ። እንግሊዝኛሽን የመስክ መዝገብሽን በእሱ በመጻፍ አሻሽይ።

አሁን አባትሽን የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ መደቦቹ ሳይቀላቀሉ ለአንድ ክረምት ይቆዩልሽ። አምና ፍግ ያገኘውን መደብ ለሁለት ክፈዪና ግማሹን ያለ አዲስ ፍግ፣ አምና በዘራሽው ዓይነት ድቅል ዘር ዝሪው፤ ከአምናው የተረፈው ምን ያህል እንደሚያበቅል የሚለየው በዚህ ነው።