ቀይና ነጭ የሚጎራበትበት የአልጋ ልብስ፦ ጨርቁ ቀድሞ ይታጠብ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቡራዩ ነው። ፊቱ ከቀይና ከነጭ ጨርቅ የተቀጣጠለ፣ ጀርባው አቡጀዲ፣ መሐሉ ላይ አዲስ ጋቢ የገባበት 2 ሜትር በ2.20 የአልጋ ልብስ ልሰፋ ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ ጨርቅ የግድ ቀድሜ ማጠብ አለብኝ?»

መልስ፦ የእርስዎ መታጠብ አለበት። ሁሉም ከአንድ ጣቃ የተቀደደና ባለ አንድ ቀለም ቢሆን ኖሮ ዝም ብለው ይስፉት፣ ሲታጠብም አብሮ ይሰበሰባል እልዎት ነበር። እዚህ ግን ሦስት ዓይነት ጨርቅና አንድ ቀይ አለ።

አቡጀዲ ፋብሪካ ውስጥ ተወጥሮ፣ ስታርች ጠጥቶ የሚወጣ ጨርቅ ነው። ውሃ ሲነካው ክሩ ከውጥረቱ ይላቀቅና ያጥራል። የጥጥ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሴንቲ ሜትር ከ3 እስከ 5 ያጣል፤ 5 ካጣ 2.20 የነበረው 2.09 ሆነ ማለት ነው። ፖሊስተር ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱ አንድ ላይ ከተሰፉ ጥጡ ሲሰበሰብ ፖሊስተሩ ይሸበሸባል፤ ይህን ደግሞ ካውያ አያስተካክለውም። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢልም ከዳር አንድ ክር መዘው ያቃጥሉ። ጥጥ የወረቀት ሽታ ሸቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ጋቢውን ነው። የእጅ ሽመና ላላ ያለ ስለሆነ ከፋብሪካ ጨርቅ የበለጠ ይሰበሰባል፤ ስንት እንደሆነ እንደ ሸማኔው እጅና እንደ ማጉ ይለያያል። ስለዚህ ከመታጠቡ በፊት መሐሉ ላይ በክር 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርገው፣ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በቁመትም በወርድም ይለኩ። ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የታጠበ አሮጌ ጋቢ ካለ፣ ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ይሻላል።

ወደ ቀዩ እንምጣ። ከመታጠቡ በፊት 10 በ10 ቁራጭ በብርጭቆ ሙቅ ውሃ ከትንሽ ኦሞ ጋር 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ አብራው ነጭ የአቡጀዲ ቁራጭ ትግባ። ውሃው ቀልቶ ነጯ ከተለቀለቀች በኋላ ንጹሕ ከሆነች፣ የለቀቀው ትርፍ ቀለም ብቻ ነው፤ በማጠብ ይወጣል። ነጯ ከቀላች ሙሉውን ቀይ ካጠቡ በኋላ ሙከራውን ይድገሙት፤ ሁለተኛዋም ከቀላች ያንን ቀይ ከነጭ ጎን አያስቀምጡት። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም «ያስራል» የሚባለው ተዘጋጅቶ በተገዛ የጥጥ ጨርቅ ላይ አይሠራም፤ ኮምጣጤውን ለሰላጣ ያቆዩት።

ውሃውን እንዲህ ይቆጥቡ። መጀመሪያ ነጩንና አቡጀዲውን በሳፋ ይጠቡ፣ ቀጥሎ ጋቢውን ለብቻው፤ ሁለቱም ለብ ባለ ውሃ። የመጨረሻ ማለቅለቂያቸው ንጹሕ ስለሆነ አይድፉት፤ አፍልተው ለቀዩ ይጠቀሙበት። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ 2 እጅ የፈላ ከ1 እጅ ቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል 65 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ ትርፍ ቀለም ለማውጣት ይበቃል። ጨርቁ በውሃው ውስጥ ሰፋ ብሎ ይንሳፈፍ እንጂ አይታጨቅ፤ ከታጨቀ የለቀቀው ቀለም ተመልሶ ይይዘዋል። ማለቅለቂያው እስኪጠራ ውሃ ይቀይሩ። የቀላው ውሃ ለጓሮ አይሆንም፣ ለሽንት ቤት ይሆናል።

ከመዘፍዘፍዎ በፊት የተቀደዱትን ጫፎች በዚግዛግ ወይም በእጅ ስፌት ይያዙ፤ ያለዚያ ክሩ ተተርትሮ ይጠላለፋል። ተቆርጠው ያለቁ ትንንሽ ቁራጮችን ግን ፈጽሞ አይጠቡ፣ ቅርጻቸውን ያጣሉ። ሲያሰጡ ቀዩን ጥላ ላይ ያድርጉት፤ ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ትንሽ እርጥበት እያለው ከላይ እየተጫኑ ይተኩሱ፤ ካውያውን በሰያፍ ከጎተቱት ጨርቁ ይለጠጣል፣ ካሬ ብለው የቆረጡትም ካሬ አይሆንም።

የታጠበ አቡጀዲ ስታርቹ ስለሚወጣ ይልፈሰፈሳል፤ ለመቁረጥ ያስቸግራል። 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ ይጨምሩ። ሲበርድ ረጭተው ይተኩሱት። ከዚያ ጫፉን በመቀስ ትንሽ ነክተው እስከ ዳር ይቅደዱት፣ የመርካቶ ነጋዴ ሲሸጥልዎ እንደሚያደርገው። አቡጀዲ ክሩን ተከትሎ ይቀደዳል፤ በማስመሪያ ከሚያገኙት የቀና መስመር ይወጣዎታል። ለቁራጮቹ የስፌት ትርፍ 1 ሴንቲ ሜትር ይተዉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አንዱን አጥበው ሌላውን እንዳለ መስፋት ሁሉንም ካለማጠብ አይሻልም፤ ያልታጠበው በኋላ ብቻውን ይሰበሰብና አዲሱ የአልጋ ልብስዎ ድሪቶ ይመስላል። ጨርቅ ገና ካልገዙ በ5 ሜትር ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ፦ ግማሹ ለመሰብሰቡ፣ ግማሹ ለሚቀደደው ጫፍ።